ከጎንደር አዲስ አበባ፦ የአየር ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን በራስ ማስላት

ከጎንደር አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ከ700 በላይ ነው ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም የሚጠቅመው በመኪና ለሚሄድ ሰው ነው። አስፋልቱ ጣናን በምሥራቅ በኩል በአዲስ ዘመንና በወረታ ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከዚያም ደብረ ማርቆስን አልፎ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ጎሃ ጽዮን ላይ ይወጣል። አውሮፕላን በዚህ ሁሉ ጥምዝምዝ ስለማይሄድ፣ የበረራን ሰዓት ከመኪና ርቀት ተነስቶ ማስላት ከጅምሩ ያሳስታል።

የአየሩን ርቀት ለማግኘት የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከስልክ ካርታ ላይ ማንበብ ይበቃል። አዘዞ አጠገብ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በ12.5 ዲግሪ ሰሜንና በ37.4 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ቦሌ ደግሞ በ9.0 ዲግሪ ሰሜንና በ38.8 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ይገኛል። የኬክሮሱ ልዩነት 3.5 ሲሆን፣ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 389 ይመጣል። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.4 ነው፤ በእኛ አካባቢ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ 153 ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ ከደመሩ በኋላ የድምሩን ስኩዌር ሩት ሲወስዱ 418 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል። ይህ ስሌት ለአገር ውስጥ ጉዞ አስተማማኝ ነው፤ ወደ ዋሽንግተን ለሚደረግ ዓይነት ረጅም በረራ ግን የምድር ክብነት ስለሚያዛባው አይሠራም።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን 418ቱን ኪሎ ሜትር በ42 ደቂቃ ይጨርሳል። ሆኖም ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን በሙሉ ስለሚይዝ፣ መሬት ላይ ለመንከባለል፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል፤ ድምሩም ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ቢመደብም የሚተርፈው አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት በዚህ መስመር ትኬት ሲቆርጡ የአውሮፕላኑን ዓይነት መምረጥ አያስፈልግም።

ከርቀቱ ይልቅ ተጓዡን የሚያሳስተው የሰዓት አጻጻፉ ነው። ትኬት ላይ ያለውን ቁጥር ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ከ07:00 በፊት ባለው ላይ 6 መደመር፣ ከ07:00 እስከ 18:59 ካለው ላይ 6 መቀነስ፣ ከ19:00 ጀምሮ ካለው ላይ ደግሞ 18 መቀነስ ነው። ስለዚህ 06:40 ከንጋቱ 12:40፣ 13:20 ከቀኑ 7:20፣ 19:10 ደግሞ ከምሽቱ 1:10 ይሆናል። ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ ቀን ጋር አስተያይቶ ማየት ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚቀጥል ሰው በተለይ እኩለ ሌሊት አካባቢ ለሚነሳ በረራ መጠንቀቅ አለበት። «ማክሰኞ 00:30» ማለት እኛ የሰኞ ሌሊት 6:30 የምንለው ስለሆነ፣ መንገደኛው ሰኞ ማታ ከ3:30 ባልበለጠ ጊዜ ቦሌ መገኘት፣ ለዚያም ሰኞ ቀን ላይ ከጎንደር የሚነሳውን በረራ መያዝ ይኖርበታል፤ ማክሰኞ ጠዋት ከጎንደር ቢነሳ ዋናው አውሮፕላን ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል።