ልጆችሽን ይዘሽ መጠለያ ስትገቢ

አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሸሹ ሴቶች በተዘጋጀ አንድ መጠለያ ከእናቶችና ከልጆች ጋር ነው የምሠራው። ብዙ እናቶች ሲመጡ አልጋና ምግብ ካገኙ ሌላ መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል። እህቴ፣ ጠይቂ። ልጆችሽም የራሳቸው ፍላጎት አላቸው። እነሱ ስለማይናገሩት አንቺ ጠይቂላቸው።

የመጠለያ አድራሻ ሚስጥር ነው፤ በር አንኳኩተሽ አትገቢም። አብዛኛውን ጊዜ የሚልክሽ የፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ወይም የወረዳሽ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ከፍ ያለ ወንድ ልጅ ካለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የማይቀበል መጠለያ አለ።

አንቺ ወይም ልጅሽ ከተደፈራችሁ ግን ከሁሉ በፊት ሆስፒታል ሂጂ። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የምታገኚበት ማዕከል አለው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ከቻልሽ ሳትታጠቢ ሂጂ። የለበስሽውንም ልብስ አትጠቢው። ድብደባ ከሆነም ሰንበሩ ሳይጠፋ የሕክምና ማስረጃ ይጻፍልሽ።

ጊዜ ካገኘሽ መታወቂያሽን፣ የጋብቻውን ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬትና የክትባት ካርድ ያዢ። ካልተመቸሽ ለወረቀት ብለሽ እንዳትመለሺ፤ ምትክ ይወጣል። የስልክሽን ሎኬሽን አጥፊ። የትልቁን ልጅ ስልክም አትርሺ። ብዙ ጊዜ ቦታው የሚታወቀው በእሱ ነው።

ከገባሽ በኋላ ነገ ዛሬ ሳትዪ የሕግ ባለሙያ አነጋግሪ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያግዛል። የወንጀሉና የፍቺው መዝገብ የተለያዩ ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ አካል ላይ ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ጤናዋ ላይ የሚደርስን ጉዳትም ይሸፍናል። ፍቺ ስታመለክቺ ደግሞ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ስለ ቀለብና ልጆቹ ማን ጋር እንደሚቆዩ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ ጠይቂ። «ቤቱን ጥለሽ ስለወጣሽ ድርሻሽ ቀረ» የሚልሽን አትስሚ። የጋራ ንብረት በመውጣትሽ አይቀርም።

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። «ለልጆችሽ ስትዪ» ይሉሻል። እኔ ሽማግሌ አከብራለሁ። ግን መጠለያ ውስጥ ሆነሽ በስልክ አትደራደሪ። ሲደውሉ «ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግሬ እመልሳለሁ» በዪና ዝጊ። የት እንዳለሽ ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ። ጨክነሽባት አይደለም፤ ካላወቀች ማንም አስጨንቆ ሊያወጣጣት አይችልም።

አሁን ወደ ልጆቹ። ሽንቱን መቆጣጠር ይችል የነበረ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። አንዷ ዝም ትላለች፤ ሌላው ታናሹን ይመታል። እባክሽ አትቆጪያቸው፣ አትቅጪያቸው። ያየሽውን ሁሉ፣ እንቅልፉንም የምግብ ፍላጎቱንም፣ ለመጠለያው አማካሪ ንገሪያት። ለልጁ ለብቻው የሚሆን ሰዓት እንዲያዝለት ጠይቂ፤ አንቺ ስትታከሚ ጎንሽ መቀመጡ ለእሱ ሕክምና አይሆንም። እንዲያውም ልጅ መስማት የሌለበትን ይሰማል። «አባዬ የት ነው?» ሲልሽ ፊልድ ሄዷል አትበዪው። «አባዬ ቤቱ ነው። እኛ ማንም የማይመታን ቦታ ነን። የአንተ ጥፋት አይደለም» በዪው። ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ደጋግመሽ መልሺለት።

ልጁ ምስክር ከሆነ የሚናገረውን አታስጠኚው። ልደታ ምድብ ችሎት ልጆች ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ፣ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት አሠራር አለ። ዐቃቤ ሕጉ ይህንኑ እንዲያመቻችለት ጠይቂ።

ትምህርት ቤት ሲቀየር መልቀቂያውን መጠለያው ያውጣልሽ። የቀድሞው ትምህርት ቤት አዲሱን ለማንም እንዳይናገር፣ አዲሱም ከአንቺ ፈቃድ ውጭ ልጁን ለማንም እንዳይሰጥ በጽሑፍ ይታወቅ።

መጠለያው ስለሚሰጠው የሙያ ሥልጠና ሲጠይቁሽ ፀጉር ሥራም ይሁን ምግብ ዝግጅት ወይም ስፌት፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝልሽ አስበሽ ምረጪ። ማታ ድረስ የሚያቆይ ሥራ ከሕፃን ጋር ይከብዳል። ከመውጣትሽ በፊት የመጀመሪያው የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚሸፈን፣ መነሻ ገንዘብ ይኖር እንደሆነ፣ ከወጣሽም በኋላ አማካሪዋ ልጆቹን ማየት ትቀጥል እንደሆነ ጠይቂ። ችግር ሲገጥምሽ የምትደውዪበትን ቁጥር በቃልሽ ያዢው። ማንበብ ለሚችለው ልጅሽም አስጠኚው።