ለትምህርት ቤት ሮቦቲክስ ርካሽ ሞተር ድራይቨር እንዴት ይገኛል?

ደብረ ብርሃንም ሁኑ መሃል ሜዳ ወይ ሸዋ ሮቢት፣ በትንሽ በጀት የሮቦቲክስ ክፍል ልትጀምሩ ያሰባችሁ መምህራን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሞተራችሁን ለኩ። ገንዘብ የሚባክነው ድራይቨር ስለተወደደ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ ሳናውቅ ስለምንገዛም ነው።

ድራይቨሩ፣ ማለትም ከባትሪው ኃይል ወስዶ በአርዱዊኖው ትእዛዝ ሞተሩን የሚነዳው ቦርድ፣ የግድ ነው። የአርዱዊኖ ኡኖ (ሮቦቱን የሚያዝዘው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ) አንድ ፒን፣ ማለትም የሽቦ ማገናኛ እግር፣ ቢበዛ 40 ሚሊአምፔር ነው የሚችለው። ሞተር ደግሞ ሲነሳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። በቀጥታ ካገናኛችሁት ፒኑ ሊቃጠል ይችላል።

አለካኩ ቀላል ነው፣ አንድ ተራ መልቲሜትር ይበቃል። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉና መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካኩ፤ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ይቀነሳል። ከዚያ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘውን ሞተር ሁለት እግሮች ለኩ። ዘንጉን በእጃችሁ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ደጋግማችሁ ለኩና ዝቅተኛውን ቁጥር ውሰዱ፤ የጫፎቹን ቁጥር ቀንሱለት። የባትሪውን ቮልት ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ 6 ቮልት ለ5 ኦም ሲካፈል 1.2 አምፔር ይሆናል። ጎማው ግድግዳ ገጭቶ ሲቆም ሞተሩ የሚስበው ይህን ያህል ነው፤ ድራይቨሩም መቻል ያለበት ይህንኑ ነው። ልኬቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሩት፣ የኦም ሕግ እንደዚህ ሲማሩት አይረሳም።

አሁን ወደ ምርጫው። በብዛት የምታገኙት ኤል298ኤን ነው፣ ያ ቀይ ቦርድ ጥቁር አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ያለው። ሁለት ሞተር ይነዳል፣ ለእያንዳንዱ እስከ 2 አምፔር። ጠንካራ ነው፣ ሽቦውም በብሎን ስለሚታሰር ለልጆች ይመቻል። ችግሩ ቮልት ይበላል፤ 1 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 2 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውስጡ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በአራት ድንጋይ ባትሪ 6 ቮልት ብትሰጡት ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 4 ቮልት ገደማ ነው። ከዚያ ሮቦቱ ይንፏቀቅና ሞተሩ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ሞተር ይገዛል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ምንም አልሆነም።

ባትሪያችሁ ትንሽ ከሆነ ቲቢ6612ኤፍኤንጂ ፈልጉ። 1.2 አምፔር ያለማቋረጥ ይችላል፣ የሚበላው ቮልት በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙም አይሞቅም። ኤስቲቢዋይ (STBY) የሚለውን ፒን ከ5 ቮልት ጋር ካላገናኛችሁት ግን ንቅንቅ አይልም። ዲአርቪ8833ም ከ10 ቮልት በታች ጥሩ ነው። ለትንንሽ ሞተር ኤል293ዲ ቺፑን ብቻ ገዝቶ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ) ላይ መሰካት ይቻላል፤ 600 ሚሊአምፔር ነው አቅሙ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ነገር፣ እንደ ማራገቢያ ያለ፣ ከሆነማ የድራይቨር ቦርድ አያስፈልጋችሁም። አንድ ቲፕ120 ትራንዚስተር፣ አንድ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከሞተሩ ጎን ደግሞ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ይበቃል።

የት ይገኛል? መጀመሪያ በከተማችሁ ያሉ የቴሌቪዥንና የቴፕ ጠጋኞችን ጠይቁ። ትራንዚስተርና ዳዮድ እነሱ ጋ አይጠፋም፣ ከአሮጌ ፕሪንተርም ሞተር ታገኛላችሁ። ትምህርት ቤቱ ስቶር ውስጥ የተጣለ ፕሪንተር ካለ ንብረት ክፍሉን አስፈቅዱና ፍቱት። ቦርዶቹን ግን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ብትፈልጉ ይሻላል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሦስት ቦርድ ብላችሁ ትራንስፖርት አታውጡ። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ሰው ለሁሉም ይግዛ፣ ብዛት ሲሆን ዋጋም ይቀንሱላችኋል። ለአንድ ሮቦት አንድ ድራይቨር፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ አንድ ሁለት ጨምሩ።

የሚገዛው ሰው ሞተርና 7.4 ቮልት ባትሪ ይዞ ይሂድ። ኤል298ኤንን እዚያው ሱቁ በር ላይ ያለ አርዱዊኖ መፈተሽ ይቻላል። ባትሪውን፣ ፖዘቲቩን 12 ቮልት ከሚለው፣ ኔጋቲቩን ግራውንድ (GND) ከሚለው ጋር ማሰር፣ ሞተሩን ከአንዱ መውጫ ማሰር፣ ኢኤንኤ (ENA) እና ኢኤንቢ (ENB) ላይ ያሉትን ጃምፐሮች (ሁለት ፒን የሚያገናኙ ትንንሽ ክዳኖች) አለመንቀል። ከዚያ 5 ቮልት ከሚለው ቦታ አንድ ሽቦ አውጥቶ አይኤን1ን (IN1) መንካት፤ ሞተሩ ይዞራል። አይኤን2ን ሲነካ በተቃራኒው ይዞራል። ሞተሩን ወደ ሌላኛው መውጫ አዙሮ አይኤን3 እና አይኤን4ንም እንደዚሁ። አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ሌላ ይቀየርለት።

ክፍል ውስጥ ስትገጣጥሙ የባትሪው፣ የድራይቨሩና የአርዱዊኖው ግራውንድ አንድ ላይ መታሰሩን አረጋግጡ። ሮቦቱ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ከባትሪው ቀይ ሽቦ ላይ ደግሞ 2 አምፔር ፊውዝ ጣልቃ አስገቡ። 18650 የሚባለው ክብ ሊቲየም ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ሲገናኙ (ሾርት ሲያደርግ) ሽቦውን እስከማቅለጥ ይደርሳል፣ በተለይ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ከሆነ። የላፕቶፕ ባትሪ ተማሪ አይፍታ፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶም ሰው በሌለበት አይደር።