በደብረ ብርሃን የሳይንስ ልቦለድና የአስፈሪ ፊልሞች ፌስቲቫል እንዴት ይዘጋጃል?

የሳይንስ ልቦለድና የአስፈሪ ፊልም ፌስቲቫል የግድ የዋና ከተማ ጉዳይ አይደለም። በጣሊያን ትሪየስቴ በ1963፣ በስፔን የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲትጀስ በ1968፣ በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመሩት የዘርፉ ታዋቂ ፌስቲቫሎች ሁሉም የተወለዱት ከዋና ከተማ ውጭ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የሚከራይ አዳራሽ የማይጠፋባትና በስልካቸው ሳይቀር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ያሉባት ከተማ ስለሆነች፣ በሁለት ቀን የሚያልቅ አነስተኛ ፌስቲቫል ለማስተናገድ የሚጎድላት ነገር የለም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ፊልም ሲታይ ካየሁትና ከሠራሁት የተገኘ ነው። ሰፊውን ቦታ የምሰጠው፣ አብዛኛው አዘጋጅ በመጨረሻው ሰዓት ለሚያስታውሰው ለአዳራሹ ጨለማ ነው፤ የዚህ ዓይነት ፊልም የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በእሱ ነውና።

ቀን መቁረጥ

በሐምሌና በነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ማንኛውንም ንግግር ይውጣል። የበልግ ዝናብና ዐቢይ ጾም በሚገናኙባቸው ወራት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ወደ መዝናኛ ቦታ መሄድ አይወድም፤ ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ስለዚህ የሚቀሩት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጾሙ መግቢያ ያሉት ሳምንታት እና ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ቀናት ናቸው። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለምና ተመልካቹ ጋቢውን ወይም በርኖሱን ይዞ እንዲመጣ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፉ። የምሽቱ ዝግጅት ቢዘገይ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ባጃጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ራቅ ካለ ሰፈር የመጣው ሰው፣ በተለይም ሴቶች፣ ፊልሙን አቋርጠው ለመውጣት ይገደዳሉ።

የአዳራሹን የኪራይ ውልና የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

ፊልም መሰብሰብና መምረጥ

ጥሪውን ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ያውጡ፤ ርዝመቱንም ይወስኑ። የአጭር ፊልም ጣሪያ በብዙ ቦታ እንደተለመደው የስም ዝርዝሩን ጨምሮ 40 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ለጀማሪ ፌስቲቫል ግን ከ15 ደቂቃ የማይበልጡት ይሻላሉ፤ በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ሥራውን ማሳየት ይችላልና። ከውጭ አገር ፊልም ለመቀበል እንደ ፊልምፍሪዌይ ያሉ የማመልከቻ መድረኮች ያገለግላሉ፤ ለአካባቢው ወጣት ግን በቴሌግራም የሚላክ ሊንክና በዩኒቨርሲቲው በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከማንኛውም መድረክ በላይ ይሠራሉ።

ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳየት በዚህ ዝግጅት ቦታ የለውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ የማሳየትን መብት የሰጠው ለባለቤቱ በመሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ፊልም ሠሪ የፊልሙ ርዕስ፣ የሚታይበት ቀንና ቦታ እንዲሁም የሚታይበት ጊዜ ብዛት የተጻፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ይቀበሉ። ሙዚቃውን ከሌላ ሰው ሥራ የወሰደ ፊልም ካለም ባለቤቱ ሌላ ነውና ለይተው ይጠይቁ።

በምርጫው ወቅት አንድ ጉዳይ ጠንካራ አቋም ይፈልጋል። አገራችን ለአስፈሪ ፊልም የሚሆን ሀብት ሞልቷታል፤ ጭራቁ አለ፣ የሌሊት ጅብ አለ፣ የአንኮበር ገደልና የጣርማ በር ጉም አለ። የቡዳ ወሬ ግን ከእነዚህ ጋር አንድ አይደለም። በሸማኔው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቀጥቃጩ ላይ ለዘመናት ሲለጠፍ የኖረና ሰዎችን ከጎረቤታቸው የለየ፣ አንዳንዴም ለጥቃት ያጋለጠ ክስ ነው። ባለእጁን እንደ ጭራቅ የሚያሳይ ፊልም ምንም ያህል በጥሩ ሁኔታ የተቀረጸ ቢሆን አይቀበሉት፤ ሰው ሰውን በዚህ መንገድ የከሰሰበትን ግፍ ራሱን የፍርሃቱ ምንጭ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ከመጣ ግን በመጀመሪያው ምሽት ያቅርቡት። ለሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎች ደግሞ መነሻ የሚሆን ታሪክ በእጃችን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ የታየ ብርሃንን ተከትለው እንደሆነ ይነገራል፤ ይህንንም ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ። በዚህ ርዕስ የሚሠራ አጭር ፊልም ለብቻው የሚወዳደርበት ዘርፍ ቢኖር መልካም ነው።

ፋይሉን በአንድ ዓይነት ቅርጽ ይጠይቁ፤ ኤምፒ4 ሆኖ ኤች.264 በተባለው የማመቂያ ዘዴ የታመቀ፣ 1920 በ1080 የሆነ ቪዲዮ በማንኛውም ላፕቶፕ ይከፈታል። ሲኒማ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዲሲፒ የተባለው የፊልም ፋይል ዓይነት ልዩ ማጫወቻ ስለሚፈልግ ለእኛ አዳራሽ አይሆንም። የትርጉም ጽሑፉ ኤስአርቲ በተባለው የጽሑፍ ፋይል፣ የግዕዝ ፊደልንም በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ይሁን፤ በላፕቶፑም ላይ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፊደል መጫኑን ያረጋግጡ። አለበለዚያ ፊደሉ ጠፍቶ ተመልካቹ ባዶ ሳጥኖችን ያያል።

አዳራሹን ማጨለም

ፕሮጀክተር ብርሃን ይወረውራል እንጂ ጥቁር ቀለም አይወረውርም። በሸራው ላይ የምናየው ጥቁር፣ ፕሮጀክተሩ ምንም ሳይልክበት የቀረው ቦታ ነው። ያ ቦታ ምን ያህል ጥቁር እንደሚሆን የሚወስነው በአብዛኛው አዳራሹ ነው። ሠርግ ላይ ፎቶ ለማሳየት ወይም ኳስ ለማየት ይህ አያስጨንቅም። አስፈሪ ፊልም ግን ከግማሽ በላይ ታሪኩን በጨለማ ውስጥ ይተርካል፤ ጥላው ካልታየ ከጥላው የሚወጣውም ነገር አያስፈራም። በአንድ ከተማ በተደረገ ዝግጅት መስኮቱ በስስ መጋረጃ ብቻ ተሸፍኖ ስለነበር፣ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ በሌሊት የተቀረጸው ወጣት ሥራው በሸራው ላይ እንደ ግራጫ ጉም ብቻ ሲታይ በሰው ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ሲኒማ ቤቶች የሚከተሉት የሸራ ብርሃን መለኪያ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው፤ ካንዴላ ከሸራው ወደ ዓይን የሚመጣው ብርሃን የሚለካበት ነው። ስፋቱ 3 ሜትር ለሆነ ሸራ ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው ከ800 ሉመን (ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) ያነሰ ብርሃን ስለሆነ፣ በቢሮዎች የተለመደው የ3000 ሉመን ፕሮጀክተር አምፖሉ ቢያረጅ እንኳ ከበቂ በላይ ነው። በመሆኑም ገንዘብዎን ለበለጠ ሉመን አያውጡ። ያው ፕሮጀክተር በዚህ ሸራ ላይ ለነጭ ቀለም 600 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ሉመን) ገደማ ይሰጣል፤ የሌሊት ትዕይንት ደግሞ የነጩን 2 በመቶ ያህል፣ ማለትም 12 ሉክስ ብቻ ይልካል። ከመስኮት ሾልኮ ሸራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን 10 ሉክስ ከሆነ፣ ትዕይንቱና የሾለከው ብርሃን እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ብዙ ጊዜ «ፕሮጀክተሩ ደካማ ነው» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራውን ከጣሪያ ይጀምሩ። ኮርኒስ የሌለው አዳራሽ ከሆነ በቀትር ገብተው መብራቱን አጥፍተው ቀና ይበሉ፤ እያንዳንዱ የሚስማር ቀዳዳ እንደ ኮከብ ሲያበራ ያያሉ። እነዚህን ከውስጥ በወፍራም ፕላስተር መድፈን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀጥሎ መስኮቶቹ ናቸው። ብዙዎች ጥቁር ላስቲክ ይለጥፋሉ፤ ላስቲክ ብርሃንን በደንብ ያግዳል፣ ነገር ግን የደብረ ብርሃን ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ ጸጥታ በሚፈልገው ትዕይንት መሐል ይህን ድምፅ የሚሰማ ሰው ከፊልሙ ይወጣል። ስለዚህ ላስቲኩን ከመስኮቱ ጋር አጥብቀው ይለጥፉና በላዩ ብርድ ልብስ ይስቀሉበት። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ ግራጫውን ወይም ቡናማውን ከሱቅ ተከራይቶ መመለስ ይቻላል። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ጥቁር ባና ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከባድ ስለሆነ ብርሃኑንም የግድግዳውን ማስተጋባትም አብሮ ይውጣል።

ሦስተኛው የብርሃን ምንጭ ሸራው ራሱ ነው። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ከሸራው የሚመጣውን ብርሃን መልሶ ሸራው ላይ ይጥለዋል፤ ስለሆነም ከሸራው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ከላይም በኩል ጣሪያውን ጥቁር ጨርቅ ያልብሱ። ሸራው ከአቡጀዲ ከተሰፋ ስፌቱ መሐል ላይ እንዳይውል፣ ከጀርባውም ጥቁር ጨርቅ እንዲኖረው ያድርጉ። በመግቢያው ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የተራራቁ ሁለት መጋረጃዎች ይሰቀሉ፤ ዘግይቶ የሚገባው ሰው የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን ይከፍታል። የድምፅ ማጉያዎችን ትንንሽ መብራቶች በፕላስተር ይሸፍኑ።

መጨለሙን ለመፈተን ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይቀመጡ። ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በእጅዎ የያዙትን ጋዜጣ ማንበብ ከቻሉ አዳራሹ ገና አልጨለመም። ያኔም የፕሮጀክተሩን ብሩህነት ጨምረው ለማካካስ አይሞክሩ፤ ጥቁሩን ግራጫ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። በፕሮጀክተሩ ላይ «ሲኒማ» የሚለውን ሁነታ መርጠው ብርሃን የሚሾልክበትን ቀዳዳ ይፈልጉ።

እዚህ ላይ ሕይወትን የሚነካ ማስጠንቀቂያ አለ። በብርድ ልብስ ታጥሮ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አይግባ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ጨርቁም እሳት ይይዛል። በሮቹ በጨርቅ ቢሸፈኑም አይቆለፉም፤ በእያንዳንዱ በር አጠገብም የእጅ ባትሪ የያዘ አስተናባሪ ይቁም።

ከፍታ፣ መብራትና ድምፅ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስስ አየር መሣሪያን በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1500 ሜትር በላይ የሚበራ የከፍታ ሁነታ አላቸው፤ ይህን ካላበሩት በፊልሙ አጋማሽ ሊጠፋ ይችላል። ሲበራ ማቀዝቀዣው ይጮኻልና ፕሮጀክተሩን ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ ያስቀምጡት። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነችው መሐል ሜዳ ማሳየት ለሚያስብ ሰው ደግሞ የመሣሪያው መመሪያ የሚፈቅደውን የከፍታ ወሰን ማንበብ ግዴታ ነው። ጀነሬተርም እንዲሁ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚቀንስ፣ 3 ኪሎዋት የተጻፈበት እዚህ ከ2 ኪሎዋት ብዙም የማይበልጥ እንደሚሰጥ አስበው ይከራዩ። የሚቻል ከሆነ ግን ድምፅ የሌለው ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለመሣሪያ ወደሚሆን የመብራት ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር ይሻላል። መብራት በድንገት ሲሄድ የጋለ አምፖል ሳይቀዘቅዝ ስለሚቆም ዕድሜው ያጥራል፤ ፕሮጀክተሩን መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጠው ዩፒኤስ ጋር ማያያዝ ከዚህ ያድናል።

ለሠርግ የሚከራየው ትልቅ ሞንታርቦ ለሙዚቃ ተስማሚ ነው፤ ለሹክሹክታ ግን አይሆንም። ሁለት መካከለኛ ማጉያዎች ከሸራው ግራና ቀኝ፣ በቆመ ሰው የጆሮ ቁመት ይበቃሉ። ድምፁን ሲያስተካክሉ በጩኸቱ ሳይሆን በንግግሩ ይነሡ፤ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ያለ ጭንቀት ከሰማ ጩኸቱ በራሱ ልክ ይመጣል።

መርሐ ግብሩ

በቀን ብርሃን የተቀረጹትን የሳይንስ ልቦለዶች ለከሰዓት፣ ጨለማ የሚበዛባቸውን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያስቀምጡ። አንድ ምድብ ከ90 ደቂቃ አይለፍ። ዝግታን የሚወዱ ሁለት ፊልሞችን አያከታትሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠውንም መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያሳዩት፤ መጨረሻ ላይ ሰው ስለ መንገዱ ማሰብ ይጀምራልና። ለሕፃናት የማይሆነውን ፊልም በሩ ላይ ዕድሜ ጽፈው ይለዩ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ያለበት ፊልም ካለም የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች አስቀድመው በድምፅ ያሳውቁ። ከእያንዳንዱ ምድብ በኋላ ፊልም ሠሪዎቹ ወጥተው ይጠየቁ፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን ከማያውቁት ሰው ጋር ሆነው የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ይህን ሰዓት አያሳጥሩባቸው።

ዝግጅቱ እንዳለቀ ፋይሎቹን በፈቃዱ ደብዳቤ መሠረት ይሰርዙ፣ ብርድ ልብሶቹን አራግፈው ይመልሱ፤ በሳምንቱ ውስጥም ለእያንዳንዱ ፊልም ሠሪ ስንት ሰው እንዳየለትና ምን እንደተጠየቀ የሚገልጽ ደብዳቤ ይላኩ። ያ ደብዳቤ ለሌላ ፌስቲቫል ሲያመለክቱ አብሮ የሚያያዝ ማስረጃ ስለሚሆንላቸው ማኅተምና ቀን ይኑረው።