ሙሉ የጾም በያይነቱ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ስጋ፣ ወተትና እንቁላል ከሌለ ምን ይበላል ብሎ መጠየቅ እኛ አገር ትንሽ ያስቃል። ረቡዕና አርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ 55 ቀን ሙሉ ሁዳዴ አለ። ቪጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ) የሚሆን ሰው ግማሹ መንገድ ተጠርጎለታል ማለት ነው። ልዩነቱ ማርና አሳ ላይ ነው፤ ማር በጾም ይበላል፣ አሳ ያከራክራል፣ ቪጋን ግን ሁለቱንም አይነካም።

ችግሩ ሌላ ነው። ቤታችን ስንገባ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ሽሮ፣ ሐሙስ ደግሞ ለለውጥ ያህል ምስር ነው። ሬስቶራንት የምንበላው በያይነቱ ግን ቤትም በአንድ ከሰዓት ይወጣል። የሚከተለው ለአምስት ሰው ያህል ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምትሠሩ ወስኑ። የድስት ብዛት አያታልላችሁ፤ ሦስት ወጥ ሠርታችሁ ሦስቱም በበርበሬ ከሆኑ ትሪው ላይ ያለው አንድ ወጥ ነው። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ አንድ ቀይ የሚያቃጥል፣ አንድ አልጫ፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ቀዝቃዛና ኮምጠጥ ያለ፣ አንድ ጣፈጥ የሚል፣ ከጎን ጥሬ ሰላጣ። ስለዚህ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ቀይ ስር። ስልጆ የሚያምራችሁ ከሆነ እሱ መቡካት ስላለበት ቀናት ቀድማችሁ ጀምሩት፣ ዛሬ ታስቦ ዛሬ አይደርስም።

ማታውኑ የአተር ክኩን ዘፍዝፉት። ለአዚፋ የሚሆነውን ድፍን ምስርም ልቀሙት፣ ጠጠር አያጣውም።

በማግስቱ ቀድሞ የሚጣደው ቀይ ስር ነው። ከነልጣጩ፣ ጫፉ ሳይቆረጥ ይቀቀል፤ ከተቆረጠ ቀለሙ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። እንደ ትልቅነቱ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በሌላ ድስት ክኩን፣ በሦስተኛው ድፍን ምስሩን ጣዱ። እነሱ ሲበስሉ እናንተ ሽንኩርት ላይ ናችሁ።

ዋናው ሥራ ቁሌቱ ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ላይ አቁላሉት፤ ውሃውን ጨርሶ ለስለስ ሲልና ቀለሙ መለወጥ ሲጀምር ሁለት የቡና ሲኒ ዘይት ጨምሩ። አሁን አንድ ሦስተኛውን ቀንሳችሁ አስቀምጡ። እሱ ለአልጫውና ለጎመኑ ነው። ድስቱ ላይ ለቀረው አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩና ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አማስሉት፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው የበርበሬ ሽታ እስኪጠፋ ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከዚያ ይገባል። የጾም ወጥ ላይ ቅቤው የሚሠራውን ሥራ የሚሠራው ይሄ ጊዜ ነው፣ አቋራጭ የለውም። ከቀዩ ቁሌት ግማሹን በዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት።

በቀረው ላይ ግማሽ ኪሎ የታጠበ ምስር ክክ ጨምሩ፣ ሙቅ ውሃ አድርጉበት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጨውና መከለሻ ሊወርድ ሲል።

የበሰለውን የአተር ክክ ካስቀመጣችሁት ሽንኩርት ግማሹ ላይ ገልብጡት፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ካወረዳችሁ በኋላ የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል አድርጋችሁ ክደኑት። ጎመኑ ቀላል ነው፤ ቀቅሎ ማጥለል፣ መክተፍ፣ ከቀሪው ሽንኩርት ጋር በነጭ ሽንኩርት ማዞር። አሜሪካ ያላችሁ ኮላርድ የሚሉትን ውሰዱ፣ እኛ ከለመድነው ብዙም አይርቅም።

አሁን አዚፋ። ብዙ ቤት የተረሳ ይመስለኛል፣ ለእኔ ግን የትሪው ንጉሥ እሱ ነው። ሰናፍጩን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና አስር ደቂቃ ተዉት፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው፣ የፈላ ውሃ ግን ይገድለዋል። ድፍን ምስሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ግማሽ ግማሹን ደፍጥጡት። በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ በመጨረሻ ሰናፍጩ። ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይበልጥ ይጥማል።

ቀይ ስሩን ልጣችሁ ቆራርጡት፣ ከቅቅል ድንች ጋር በሎሚና በዘይት ለውሱት። ከሌሎቹ ጋር እንዳይነካካ ዳር ላይ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ ትሪው በሙሉ ሮዝ ይሆናል።

ጥጋቡ ላይ ችግር የለም። ጥራጥሬና የጤፍ እንጀራ በፕሮቲን ይደጋገፋሉ። ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ደግሞ ሎሚው ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ስለሚቀንሱት ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ (ይህን ለእናቴ መንገር አልተሳካልኝም)። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከዕፅዋት አይገኝም። ጿሚ ሲፈስክ ያገኘዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ቪጋን የሆነ ሰው ግን በኪኒን ወይም ቢ12 በተጨመረበት ምግብ መውሰድ አለበት።

ውጭ ስትበሉም አንድ ነገር፦ በፍስክ ወቅት ሽሮውና ጎመኑ ቅቤ ሊገባበት ይችላል። «ቪጋን ነኝ» ከማለት «የጾም ነው? በዘይት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቶሎ ያግባባል።

ፍሪጅ ያስገባችሁት ቁሌት ለነገ ሽሮ ነው፣ ውሃ ጨምሮ ማፍላትና ሽሮውን መነስነስ ብቻ። ከሽሮ ለመሸሽ ጀምረን ወደ ሽሮ መመለሳችን አይቀርም። የተረፈውን ምስር ደግሞ እሳት ላይ አድርቃችሁ ሳምቡሳ ውስጥ ክተቱት።