ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቤት ልትገዙ ነው? የጎርፉን ካርታ እዩ

አሜሪካ ገጠር ካውንቲ ውስጥ ቤት የምትገዙ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን የፌማ (የአሜሪካ ፌደራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ) የጎርፍ ካርታ ላይ ፈልጉት። ዞኑ በ«ኤ» ከጀመረ በየዓመቱ የመጥለቅለቅ ዕድሉ ቢያንስ 1 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ30 ዓመት የቤት ብድር ሲሰላ ግን 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል! ዞኑ «ኤክስ» ማለትም የጎርፍ ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው ቢልም አትዘናጉ፤ ካርታው ያረጀ ሊሆን ይችላል። የቆዩ ጎረቤቶችን ጠይቁ፤ ወንዙ ሲሞላ የት ድረስ እንደሚወጣ እነሱ ያውቁታል።

ደግሞ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ለብቻው ነው የሚገዛው። የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም መሯሯጥ አያዋጣም። ተከራዮችም ለዕቃችሁ ብቻ፣ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ መግባት ትችላላችሁ።