ልጃችሁ ፈረስ ጀመረች? ኢቨንቲንግ ሜዳ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈረስ ሲባል እኛ ቤት ቶሎ የሚታወሰው ጉግስ ነው፤ ወይም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች አጊጠው ሲወጡ። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን የኢቨንቲንግ ውድድር ያየሁት በዚያው ዓይን ነበር። ልጄ ተመዝግባለች፤ ዘመድ ሰብስቤ፣ ድፎ ዳቦና ቡና በቴርሞስ ይዤ፣ እልል ልንል ሄድን። በዚያ ቀን ያልተሳሳትኩት መኪና ያቆምኩበትን ቦታ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ እሱንም ከሰዓት በኋላ መጥተው አስነሡኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅዳሜዎቼን በበጎ ፈቃደኝነት መሰናክል ዳር ተቀምጬ ስላሳለፍኩ፣ አዲስ ወላጅ ሲመጣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገና ከመኪናው ሲወርድ አውቃለሁ።

ሩጫ መስሎ መታየቱ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ የሱ ልጆች ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለን ብዙዎቻችን ፈረስ ያየነው በፈረንጆቹ ሜይ መጀመሪያ ቅዳሜ ዘ ፕሌይንስ በሚባለው ከተማ፣ ግሬት ሜዶው ላይ በሚደረገው በቨርጂኒያ ጎልድ ካፕ ነው። እሱ እውነትም ሩጫ ነው፤ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። ኢቨንቲንግ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጋላቢና አንድ ፈረስ ሦስት ፈተና ይፈተናሉ። መጀመሪያ ድሬሳጅ፦ በታጠረ ሜዳ ውስጥ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በግልቢያ የታዘዙትን ቅርጽ በጸጥታ መሥራት። ክሮስ ካንትሪ፦ በመስክና በጫካ ውስጥ ግንድ፣ ቦይ፣ ውሃና ዳገት መዝለል። ሾው ጃምፒንግ፦ ቢነኩት የሚወድቅ አግዳሚ ሳይጥሉ መዝለል።

ሥሩ የጦር ሠራዊት ነው። የመኮንኑ ፈረስ ሰልፍ ላይ የሚታዘዝ፣ ሜዳ ላይ የማይፈራ፣ በማግስቱም ለሥራ የሚነሣ መሆኑ ይፈተንበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ኦሎምፒክ ሲገባም ተወዳዳሪዎቹ ወታደሮች ነበሩ። ለሲቪል የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ደግሞ አሜሪካዊቷ ላና ዱ ፖንት ስትሆን በ1964 ቶኪዮ ላይ ተወዳድራ ከቡድኗ ጋር ብር አግኝታለች። ዛሬ ሜዳ ላይ የምታዩት ሕዝብ አብዛኛው ሴት ስለሆነ ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ አያምነኝም።

ነጥቡ ደግሞ የቅጣት ነጥብ ነው፤ ትንሽ ያለው ያሸንፋል። በድሬሳጅ 68 በመቶ ያገኘች ልጅ 32 ቅጣት ይዛ ትነሣለች። ክሮስ ካንትሪ ላይ ፈረሷ አንድ መሰናክል አልዘልም ካለ 20 ይጨመርባታል፤ 52። ከተወሰነው ሰዓት ላለፈ ለእያንዳንዱ ሰከንድ 0.4 ስለሆነ፣ 10 ሰከንድ ብትዘገይ 56 ይሆናል። ሾው ጃምፒንግ ላይ አንድ አግዳሚ ስትጥል 4፤ ድምሩ 60። በድሬሳጅ 62 በመቶ ብቻ አግኝታ ቀሪውን ያለ እንከን የጨረሰችው ጎረቤቷ ግን 38 ላይ ቆማ የአሸናፊነት ሪባኑን ትወስዳለች። ስለዚህ ጠዋት የሰሌዳው አናት ላይ የልጃችሁን ስም አይታችሁ ለአያቷ አትደውሉ። እኔ ደውያለሁ።

ፈጣን ከሆነች ጥሩ ነው ማለት

ዝቅተኛ እርከኖች ላይ ሰዓት ሁለት በኩል ይቆርጣል። ቢጊነር ኖቪስ በሚባለው እርከን መሰናክሉ ቢበዛ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ300 እስከ 350 ሜትር ነው። ከተቀመጠው በታች በጣም ቀድሞ የጨረሰም ይቀጣል፤ ልጆች ሜዳውን እንደ ጎዳና እንዳይጋልቡት ነው። ከኋላ ቆሞ "ንጂው! ንጂው!" የሚል አጎት ካለ በሰላም ወደ ቡናው መልሱት።

ከዳር ሆኖ መምራት

ይሄኛው የራሴ ነው። ልጄ ከውሃ መሰናክሉ ወጥታ ቀጣዩን ቁጥር አጣችው። ፈረሱ ይዞራል፣ እሷ አንገቷን ታዞራለች፣ እኔ ደግሞ መሰናክሉ ከፊቴ ነው። "በቀኝ! በቀኝ በኩል!" ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ነው፣ ማን ይሰማኛል ብዬ። ከአጠገቡ የተቀመጡት የመሰናክል ዳኛ ቋንቋውን መስማት አላስፈለጋቸውም፤ ሰው ሲጮህና ፈረስ ሲዞር አይተው ጻፉ። ከውጭ የሚሰጥ እርዳታ እስከ መሰረዝ ያደርሳል፤ እሷም ተሰረዘች። እስከ ቤት ድረስ መኪና ውስጥ አላናገረችኝም።

መንገዱን ማወቅ የጋላቢው ሥራ ነው። ቀይ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጭ በግራ፤ በመካከላቸው ይዘለላል። ዘላ ካለፈች በኋላ "ጎበዝ!" ማለት ይቻላል፤ ከመዝለሏ በፊት አፍ ይዘጋል።

እልልታም ቦታ አለው። ድሬሳጅ ሜዳ አጠገብ እልል ካላችሁ ፈረሱ ጆሮውን ያቆማል፣ ጀርባውን ያጠጥራል፣ የአምስት ወር ልምምድ በአንድ አፍታ ይሄዳል። የራሳችሁ ልጅ ባትሆን እንኳ የሰው ልጅ ናት። ሪባን ሲሰጥ እልል በሉ፤ ያኔም ፈረሶቹ ራቅ ካሉ በኋላ።

ክሮስ ካንትሪውን አንድ ጊዜ በእግር አይቶ መተው

ፈረሱ ክሮስ ካንትሪውን ከውድድሩ በፊት አያየውም። ጋላቢዋ ግን በእግሯ ትሄድበታለች፤ መሄድም አለባት። አንድ ጊዜ ብቻ የሄደ ልጅ መሰናክሎቹን አይቷል እንጂ መንገዱን አላየም። በሁለተኛው ዙር የሚታየው ሌላ ነው፦ ከዛፍ ጥላ ወጥታ ድንገት ፀሐይ የምትገባበት ቦታ የት ነው፣ በእሷ ሰዓት ፀሐይዋ በየት በኩል ትሆናለች፣ ውሃው ውስጥ መሬቱ ጠጠር ነው ወይስ ጭቃ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ የት ይሰበሰባል። ጎበዝ አሰልጣኞች ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትንም እዩ ይላሉ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ መሆኑ የሚታወቀው ከኋላ ነውና። እናንተም አብራችሁ ሂዱ፣ ግን ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። እናት በየመሰናክሉ ፎቶ ስታነሣ ልጅቱ ሳትቆጥረው የሚቀረው እርምጃ ብዙ ነው።

ቶሎ እርከን ማሳደግ

"ይሄን እኮ ዘለለችው፣ ለምን አትጨምርም?" የሚል ወላጅ ሁልጊዜ አለ። ትሬይኒንግ የሚባለው እርከን ላይ መሰናክሉ 1 ሜትር ይደርሳል፤ ከላይ አድቫንስድ ላይ 1.20። ሲያዩት 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ግን ቁመቱ ላይ አይደለም፤ ፍጥነቱ፣ ማዕዘኑ፣ ተከታትለው የሚመጡት መሰናክሎችና የቁልቁለቱ አቀማመጥ ላይ ነው። የክሮስ ካንትሪ መሰናክል እንደ ሾው ጃምፒንግ አግዳሚ ነክተውት የሚወድቅ አይደለም። አንዳንዶቹ ፈረሱ በኃይል ሲመታቸው እንዲላቀቁ ተደርገው ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ግንድ ናቸው። ጋላቢ ከወደቀችም የዚያ ቀን ክሮስ ካንትሪዋ አበቃ፣ ደህና ነኝ ብላ ብትነሣም እንኳ።

ገንዘብ ያለው ወላጅ ደግሞ ችግሩን ፈረስ በመግዛት ሊፈታው ይሞክራል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።

ወረቀትና ዕቃ መርሳት

እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ዝርዝሩ መመዝገቢያው ላይ አለ። ከፈረሱ ደም የሚወሰደው የኮጊንስ ምርመራ (ተላላፊ የፈረስ ደም ማነስ እንደሌለበት የሚያሳይ) ውጤት፣ የክትባት ማስረጃ፣ ለክሮስ ካንትሪ የደረት መከላከያ፣ ደረጃውን የጠበቀ የራስ ቁር፣ ክንድ ላይ የሚታሰር የሕክምና መረጃ። አንዱ ሲጎድል ፈረሱን ጭናችሁ ሁለት ሰዓት የነዳችሁት ለከንቱ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅራቱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረለትን ፈረስ አይታችሁ "ደስ ሲል፣ አስጊጠውት!" ብላችሁ ከኋላው አትቁሙ። ይራገጣል ማለት ነው።

ለትርፍ ያልተቋቋመ ሲባል ነፃ ወይም የመንግሥት መስሎ መታየቱ

ሊስበርግ ያለውን ሞርቨን ፓርክን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1922 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ የነበሩት ዌስትሞርላንድ ዴቪስ መኖሪያ ነበር፤ 1,000 ኤከር ገደማ ነው። ባለቤታቸው በ1955 ፋውንዴሽን አቋቋሙና ርስቱ ለሕዝብ ሆኖ ቀረ፤ የኢቨንቲንግ ውድድርም ይደረግበታል። ግሬት ሜዶውም በፋውንዴሽን ነው የሚተዳደረው። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ሌክሲንግተን ያለው የኬንተኪ ፈረስ ፓርክ የግዛቱ መንግሥት ንብረት ነው፤ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚካሄደውን ትልቁን ውድድር የሚያዘጋጀው ግን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው።

ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት የተረፈውን የሚከፋፈል ባለድርሻ የለም ማለት ነው። ወጪ የለም ማለት አይደለም። ሣሩ ይታጨዳል፣ አሸዋው ይታረሳል፣ መሰናክሉ ይሠራል፣ አምቡላንስና የእንስሳት ሐኪም ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ፣ ኢንሹራንስ ይከፈላል። ይህን የሚሸፍነው የመመዝገቢያው ክፍያ፣ የጋጣው ኪራይ፣ የልምምድ ቀናት፣ ስፖንሰርና የለጋሾች እጅ ነው። "ድርጅቱ በጎ አድራጎት ከሆነ ለምን ይሄን ያህል ያስከፍለናል?" ብላችሁ በር ላይ የቆመችውን ሴት አትከራከሯት፤ እሷም ደመወዝ የላትም። ለግብር ስትመዘግቡም የልጃችሁን መመዝገቢያ ስጦታ ብላችሁ አትጻፉት። አገልግሎት አግኝታችሁበታል፤ ስጦታ የሚባለው ከዚያ በላይ የሰጣችሁት ነው።

በጎ ፈቃደኝነቱ የፈረስ አዋቂ ሥራ ነው ብሎ መሸሽ

ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የዕድርና የማኅበር ሰዎች ነን። የአንድ ቀን ውድድር በአያሌ ሰው ነው የሚሠራው፦ በየመሰናክሉ ዳኛ፣ የነጥብ ወረቀት ሰብሳቢ፣ በር ላይ ተራ የሚጠራ፣ ሰዓት ያዥ። የመሰናክል ዳኛ ለመሆን ፈረስ ላይ ወጥታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ግድ የለም። ጠዋት ስብሰባ አለ፣ ያስረዷችኋል። ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ፊሽካ፣ የሰዓት መቁጠሪያና ወረቀት ትቀበላላችሁ። የምታዩትን ትጽፋላችሁ፦ ዘለለ፣ እምቢ አለ፣ በጎን አለፈ። ግር ካላችሁ ፈረሱ የሄደበትን በእርሳስ ሥላችሁ ትሰጣላችሁ፤ ውሳኔው የላይኞቹ ነው።

አዲሶች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ፈረሶች በየጥቂት ደቂቃው ስለሚመጡ በመካከሉ ስልክ ይከፍታሉ፤ ቀና ሲሉ ፈረሱ አልፏል። ሁለተኛ፣ ከፊት አደጋ ደርሶ ጋላቢን ማስቆም ሲታዘዙ፣ ባንዲራ እያውለበለቡ ያስቆሙና ሰዓቱን መመዝገብ ይረሳሉ። የቆመችበት ደቂቃ ከሰዓቷ ላይ ይቀነሳልና እሱ ካልተያዘ ያለ ጥፋቷ ትቀጣለች።

የአሜሪካ ኢቨንቲንግ ማኅበር የበጎ ፈቃደኞችን ሰዓት የሚቆጥርበትና የሚሸልምበት አሠራር አለው። ለትምህርት ቤት የበጎ ፈቃድ ሰዓት የሚፈልግ ጎረምሳ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ ግማሽ ቀን ብቻ ጠይቁ፤ ኮፍያ፣ ውሃና የዝናብ ልብስ ያዙ። ምሳ አብዛኛውን ጊዜ ሳንድዊች ነው፤ ስለዚህ ቆሎ ብትይዙ አይከፋም። ለፈረስ ግን ምንም አታጉርሱ፤ ስኳርም፣ ዳቦም፣ በተለይ ቸኮሌት። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚን በደም ምርመራ ከሚፈለጉት ክልክል ነገሮች አንዱ ነው። ተይዞ የሚጠየቀውም የፈረሱ ኃላፊ ነው፤ እናንተን ማንም አይጠይቃችሁም።