ከማስተማር አገልግሎት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት
በአሜሪካ በቲች ፎር አሜሪካ (ተመራቂዎችን በድሃ አካባቢ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት በሚያሰማራው ድርጅት) በኩል 2 ዓመት አስተምራችሁ ሕክምና ለመማር የምታስቡ ሁሉ፣ አገልግሎቱ ማመልከቻችሁን ያጠናክራል እንጂ ዝቅተኛ የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤትን እንደማያካክስ፣ ከሕመምተኞች ጋር የመዋል ልምድንም እንደማይተካ ልብ በሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በላይ የቆየ ውጤት ስለማይቀበሉ፣ የፈተናውን ጊዜ ከምታመለክቱበት ዓመት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ። ማስተማር ሳትጀምሩ በሕክምና ትምህርት ቤት ተቀባይነት ካገኛችሁ ቦታው እንዲቆይላችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ ፈቃዱን ግን በጽሑፍ ያዙ። የመምህር ሥራ በአዘቦት ቀን ጉልበት ስለማያስተርፍ፣ የክሊኒክ በጎ ፈቃድ አገልግሎቱን ለቅዳሜ መተው ይሻላል። በኤኤምካስ (ለሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት) ማመልከቻ ከሚፈቀዱት 15 ተግባራት መካከል ማስተማሩን እጅግ ትርጉም ካላቸው 3ቱ አንዱ አድርጋችሁ ስታቀርቡ፣ «ተማሪዎችን ረዳሁ» ከማለት ይልቅ ክፍልፋይ አልገባ ያለውን ልጅ ወረቀት እያጣጠፋችሁ እንዴት እንዳስረዳችሁት፣ ስሙን ሳትጠቅሱ ጻፉ።